ጎሎቪን ለምን ሞስኮ አልተመለሰም?

ስለ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ጎሎቪን ወሬ ሲነሳ ቅሬታው ሁሌም አንድ ነው፤ በዓለም ዋንጫ ያን ያህል የታየ ልጅ እንዴት ሞናኮ ላይ ቀረ? እኔን የሚገርመኝ ግን ሞናኮ መቅረቱ ሳይሆን አገሩ አለመመለሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ የመክፈቻ ጨዋታ ሩሲያ ሳዑዲ ዓረቢያን 5 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ካልታን ከምትባል የሳይቤሪያ ትንሽ ከተማ የወጣው ይህ አማካይ ሁለት ግብ አመቻችቶ አንዱን ራሱ በቅጣት ምት አገባ። በዚያው ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተጎድቶ የወጣው የሲኤስኬኤ ሞስኮ የክለብ ጓደኛው አላን ድዛጎየቭ ነበር። ድዛጎየቭ በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ሦስት ግብ አስቆጥሮ ከውድድሩ ቀዳሚ ግብ አግቢዎች እኩል የጨረሰ ተጫዋች ነው። ያኔ ገና 22 ዓመት ሊሞላው ነበር። ሆኖም እስከ 2022 ድረስ ከሲኤስኬኤ አልወጣም።

ጉዳት እንዳሰቃየው አይካድም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ጉልበት ላይ መጫን አይገባም፤ ሕጉም አለበት። የሩሲያ ሊግ በ2015 አንድ ቡድን ሜዳ ላይ ከስድስት በላይ የውጭ ዜጋ እንዳያሰልፍ ወሰነ። አምስት ሩሲያዊ ግድ በነበረበት ጊዜ ደህና የሚጫወት ሩሲያዊ ዋጋው ከችሎታው በላይ ይወጣ ነበር። እንደ ጋዝፕሮም ያለ ኩባንያ ከኋላው የቆመለት ዜኒት ደግሞ ለመክፈል አይቸገርም ነበር። ደመወዙ ጠግቦ፣ ቦታው ተጠብቆለት፣ ማን ወጥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል?

የወጡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ዘግይተው ነው። አንድሬ አርሻቪን አርሰናል የገባው በ2009 መጀመሪያ፣ በ27 ዓመቱ ነበር። በዚያው ሚያዝያ አንፊልድ ላይ ብቻውን አራት ግብ አግብቶ አርሰናልና ሊቨርፑል 4 ለ 4 ተለያዩ። እንዲህ ያለ ምሽት ጎሎቪን አላየም፣ አያይምም ይሆናል። አርሻቪን ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ በውሰት ወደ ዜኒት ተመለሰ።

ጎሎቪን የወጣው በ22 ዓመቱ ነው፤ የገባበት ቤትም እየፈረሰ ነበር። በመጀመሪያው ዓመቱ ሞናኮ ሊዮናርዶ ዣርዲምን አሰናብቶ ቲዬሪ ኦንሪን ቀጠረ፤ ኦንሪን በጥር አባርሮ ዣርዲምን መልሶ አመጣ፤ የፈረንሳይ ሊግንም 17ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኝ በተለወጠ ቁጥር ጎሎቪን ቦታ ይለወጥበታል፦ አንዴ ግራ መስመር፣ አንዴ ከአጥቂው ጀርባ፣ አንዴ መሐል። ለወራት ተጎድቶ ከተመለሰ በኋላ በየካቲት 2021 ኒም ላይ ሐትሪክ ሠርቶ ሞናኮን 4 ለ 3 አሸናፊ አደረገ። ዋጋውን የሠራለት ግን እንዲህ ያለ ቀን ሳይሆን መጪው አሰልጣኝ ሁሉ የሚጠቀምበት ሰው መሆኑ ነው።

በየካቲት 2022 ፊፋና ዩኤፋ የሩሲያን ቡድኖች አገዱ። እገዳው በብሔራዊ ቡድንና በክለቦች እንጂ በተጫዋቹ ላይ አልነበረም። አገር ቤት የቀሩ እኩዮቹ የአውሮፓ ውድድር ሲዘጋባቸው፣ እሱ በ2024 ከሞናኮ ጋር ቻምፒየንስ ሊግ ተመለሰ። ይህን አስቦ አልወጣም፤ ዕድልም አለበት።

ከአርሻቪን ጋር ማወዳደሩ ስለዚህ አይመቸኝም። ጎሎቪን የሚመስለው ሌላውን ሩሲያዊ አሌክሳንደር ሞስቶቮይን ነው። እሱም ከ1996 እስከ 2004 ድረስ ከታላላቆቹ በማይቆጠረው የስፔን ክለብ ሴልታ ቪጎ ውስጥ ኖሮ፣ ክለቡን ቻምፒየንስ ሊግ አድርሶ፣ በዚያው ዓመት ወደ ሁለተኛው ሊግ ሲወርድ አብሮ ወጣ።