የታካሚ መዝገብ ሰርቨር በሜሞሪ እጥረት በተደጋጋሚ ስለመቆሙ የቀረበ አቤቱታ

ለጤና ጣቢያችን አስተዳደር
ሆሳዕና

እኛ የካርድ ክፍል ሠራተኞችና የጤና መረጃ ባለሙያዎች በታላቅ አክብሮት አቤት እንላለን።

የታካሚ መዝገብ የሚይዘው ሰርቨር በሥራ መሀል እየቆመ ተቸግረናል። ለበላይ አካል የሚነገረው ሁልጊዜ «መብራት ጠፍቶ ነው» ወይም «ሠራተኞቹ አልቻሉበትም» የሚል ነው። መብራት እያለም ይቆማል። የሚብሰው የሪፖርት ወር በ20 ሲዘጋ፣ ያውም ወረፋው በር ድረስ በደረሰበት ሰዓት ነው። ከሌሞ ገጠር ልጅ አዝላ የመጣች እናት ስሟ፣ ቀበሌዋና የልጇ ዕድሜ ተጽፎ ሴቭ ሳይደረግ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል። የልጇን የቀድሞ ካርድ መፈለግ ስለማይቻል፣ ወረፋው እንዳይቆም አዲስ ካርድ ይወጣለታል። ተመልሳ ስትመጣ ልጇ ባለ ሁለት ካርድ ሆኗል፤ ሐኪሙ ፊት የሚከፈተውም የላብራቶሪ ውጤቱ የሌለበት ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ በሰርቨሩ ሎግ (የሥራ ማህደር) ላይ ተጽፏል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው አንድ ማሽን ላይ ማይ ኤስ ኪው ኤል የተባለው ዳታቤዝና በጃቫ የተሠራው የመዝገብ ፕሮግራም አብረው ይሠራሉ። ዳታቤዙ መረጃ የሚያቆይበት የራም ድርሻ (በፈር ፑል) ሲጫን 128 ሜጋባይት የነበረው እንዲፈጥን ተብሎ ወደ 3 ጊጋ ከፍ ተደርጓል። ለጃቫውና ለሲስተሙ የቀረው አይበቃም። ሪፖርቱ የወሩን መዝገብ ሲጠራ ራሙ ያልቃል፤ የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስም ራሱን ለማትረፍ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል፤ እሱም ዳታቤዙ ነው። ቀድሞ ሴቭ የተደረገው ሰርቨሩ ሲነሳ ይገኛል፤ በመጻፍ ላይ የነበረው ግን ጠፋ ማለት ነው። «አጥፍታችሁ አብሩት» እየተባልን ጠዋት ብናስነሳው ከሰዓት ያው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀው ይቅደምልን፦ በፈር ፑሉ ወደ 1 ጊጋ ይውረድ፣ የጃቫው ሂፕም (ፕሮግራሙ የሚጠቀመው ሜሞሪ) ገደብ ይበጅለት፣ ሪፖርቱ ተመላላሽ ታካሚ ካለቀ በኋላ ይሠራ። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል በእጃችን የለም፤ ይሰጠን። ራሙም በዘንድሮው በጀት ወደ 16 ጊጋ ይደግልን። የተናገርነው የሚያጠራጥር ከሆነ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ነው፤ ባለሙያዎቹ ተጋብዘው ሎጉን ይዩት።

መዘግየቱ የመጣው በሰርቨሩ መቆም ስለሆነ፣ መረጃ ዘግይቷል ተብሎ ከሥራ አፈጻጸም ውጤታችን የተቀነሰው ነጥብ እንዲመለስልን አጥብቀን እንጠይቃለን። መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ የሚቀጥለው ሪፖርት እስኪዘጋ ካልደረሰን ግን ጉዳዩን ከሎጉ ኮፒ ጋር ለዞኑ ጤና መምሪያ ለማቅረብ እንገደዳለን።

ከሰላምታ ጋር
የካርድ ክፍል ሠራተኞችና የጤና መረጃ ባለሙያዎች