እንደ ቤታችን እንግዛ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀስት ማኅበራችን አባሎች ተሰብስበን ነበር። ስብሰባው የተጠራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በሁለት ሴሚስተር የተጠራቀመውን መዋጮ በምን ላይ እናውለው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረን፣ ሁለት ወዳጆች ተኰራርፈው፣ አንዱም በሩን ደርግሞ ወጥቶ፣ ያለ ውሳኔ ተበተንን። ነገሩ ለመጪው ቅዳሜ ስለ ተላለፈ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ለመናገር ያልቻልሁትን በዚህ ገጽ ላይ ላቀርብ እወዳለሁ። በገንዘቡ ውስጥ የተማሪዎች ኅብረት የሰጠን ድጎማም ስላለበት ጉዳዩ የሁላችሁም ነው። ስለዚህ ቀስት ነክቶ የማያውቀውም አንባቢ ጥቂት ቢታገሠኝ አይከፋም።

በስብሰባው የተሰሙት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው ወገን «ትልቅና አዲስ ባንድ ሶ እንግዛ፤ አንዴ ከተገዛ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ይተርፋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «መጋዝ ምን ያደርግልናል? ያለቀለት ቀስት ከውጭ አስመጥተን ከነገ ወዲያ እንወርውር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አባቶቻችን ቀስት ሲሠሩ ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም፤ መጥረቢያና ሞረድ ይበቃናል» ሲል ይፎክራል። እኔ ከሦስቱም ጋር አልስማማም። አስተያየቴ ባጭሩ ይህ ነው፤ መካከለኛና ያገለገለ ባንድ ሶ እንግዛ፤ የቀረውን ገንዘብ ለምላጭና ለእንጨት እናቈየው፤ ቀስቱን ግን በእጃችን እንሥራ። እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ የሚኖር የለም ይላል ያገራችን ሰው።

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ መጋዝ ምን ያውቃል?» የሚል ሳቅ ከወዲሁ ይሰማኛል። ለሳቂዎቹ አንድ ሰው ላስታውሳቸው። ሮጀር አስከም በካምብሪጅ የግሪክ ቋንቋ መምህር ነበር። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1545 ስለ ቀስት ውርወራ «ቶክሶፊለስ» የተባለውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽፎ አሳተመ። ስለ ፍላጻና ስለ ቀስት እንጨት መናገር ከሊቅነቱ ምንም አላጐደለበትም። እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ባለፈው ክረምት ከግቢያችን ብዙ በማይርቅ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሰጋቱራ እየጠረግሁ፣ ሲፈቅዱልኝም እየፋቅሁ ከርሜአለሁ። ሦስት ቀስት ሠርቼ ሁለቱ ተሰብረውብኛል። የምጽፈውም ከሁለቱ ስብራት የተማርሁትን ነው።

በመጀመሪያ ቀስት ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። አንድ ሰው ቁመት ያህል ለሚሆን ቀስት 1 ሜትር ከ80 ሳንቲም ሜትር ርዝመት፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም ሜትር ስፋት ያለው፣ ሥሩ ቀጥ ያለና ጕጥ የሌለበት እንጨት ያስፈልጋል። ቀስቱ ሲሳብ ወደ ዒላማው ያለው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ወርዋሪው ያለው ሆዱ ይጨመቃል። በጀርባው ላይ የእንጨቱ ጭረት ከተቈረጠ ስብራቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ቀስቴ የተሰበረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ጭረቱን ሳልከተል መስመር በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ አሰመርሁና ቈረጥሁት፤ በሦስተኛው ቀን ጧ አለ።

ሁለተኛው ነገር ውፍረት ነው። የአንድ እንጨት ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከውፍረቱ ዐሥር እጅ አንዱን ብናነሣ ከግትርነቱ ከሩብ በላይ ይጠፋል። ሁለት ሳንቲም ሜትር በሚሆን እንጨት ላይ ይህ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው! መጋዝ በአንድ ንዝረት የሚስተው ያህል ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ የትኛውም መጋዝ፣ በወርቅ ቢለበጥም፣ ቀስትን ሊጨርስ አይችልም። የቀስት ሥራ ዋና ክፍል ቀስቱን ቀስ እያሉ ማጕበጥ፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል መታጠፋቸውን ማየት፣ ከጠነከረው ቦታ በሞረድ ጥቂት መፋቅ፣ እንደገና ማጕበጥ፣ እንደገና መፋቅ ነው። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል። ሁለተኛው ቀስቴም የጠፋው በዚሁ ነው፤ ድካሙን ለመቀነስ ብዬ እስከ መስመሩ ድረስ በመኪና ቈረጥሁትና አንዱ ክንድ ሳስቶ ቀረ።

ታዲያ መኪናው ለምን ያስፈልጋል? ለመነሻው ብቻ። ጣውላውን በርዝመቱ ለመሰንጠቅና የቀስቱን ቅርጽ ከመስመሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ለማውጣት ነው። የመጥረቢያ ወገኖቻችን ክርክር እውነት አለበት፤ አስከም መጽሐፉን ባሳተመበት ዓመት የሰጠመችውና በ1982 ከባሕር የወጣችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከ130 በላይ ደኅና ቀስቶች ተገኝተውባታል፤ ሁሉም በእጅ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን እነዚያን የሠሩት ሰዎች እንጀራቸው ቀስት ነበር፤ የእኛ ጊዜ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ጠንካራ ጣውላ በእጅ መጋዝ ከዳር እስከ ዳር ስንሰነጥቅ ከዋልን፣ ዋናውን ትምህርት፣ መፋቁንና ማጕበጡን፣ መቼ ልንማር ነው? ደግሞም ጀማሪ እጅ መስመሩን ስቶ ሲገባ የሚበላሸው በመዋጮ የተገዛ እንጨት ነው።

ባንድ ሶን ለማያውቅ፣ ባለ ጥርስ የብረት ጥብጣብ እንደ መቀነት ተጋጥሞ በላይና በታች ባሉ ሁለት መንኰራኵሮች ላይ እየዞረ የሚቈርጥ መጋዝ ነው። ክብ መጋዝ ቀጥታ እንጂ ጐባጣ መስመር አይከተልም፤ በእያንዳንዱ ቍረጣም ሦስት ሚሊሜትር ያህል እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል። ባንድ ሶ ግን የጭረቱን ጕብጠት መከተል ይችላል፤ የሚያባክነውም ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ለቀስት የሚስማማው እርሱ ነው።

የባንድ ሶ መጠን የሚነገረው በመንኰራኵሩ ስፋት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ 9 እና 10 ኢንች ናቸው፤ በብዙ አነስተኛ ሥራ ቤቶች የሚገኘው 14 ኢንች ነው፤ የትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከ24 ኢንች በላይ ይሆናል። የትንንሾቹ ሞተር ደካማ ስለሆነ ደረቅና ጠንካራ እንጨት ሲገጥመው ይግላል፣ ያቃስታል፣ ይቆማል። ባለ 14 ኢንቹ ግን ብዙውን ጊዜ እስከ 15 ሳንቲም ሜትር ውፍረት ይቈርጣል። እኛ የምንቈርጠው ጣውላ በጀርባው ሲተኛ 5 ሳንቲም ሜትር ቢሆን ነው። ከዚህ በላይ ያለውን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የትልቁ መጋዝ ወዳጆች ደግሞ አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ትልልቆቹ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ይፈልጋሉ። በክበባችን ክፍል ያለው መስመር ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ነው። መኪናውን ገዝተን ልብስ አልብሰን ልናስቀምጠው ነውን?

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የሚበቃን ባለ 14 ኢንች፣ ክፈፉ ከቀለጠ ብረት የተሠራ፣ ሞተሩ ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ፈረስ ጕልበት የሆነ ያገለገለ መኪና ነው። «ያገለገለ» ስል ግን ዐይንን ጨፍኖ መግዛት ማለቴ አይደለም። ሁለት ጓደኞቼ ከአንድ ነጋዴ እጅ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ መኪና ገዝተው ነበር። ከቀለሙ በታች ክፈፉ ተሰንጥቆ የተበየደ ሆኖ ተገኘ። ምላጩን ሲያጠብቁት ክፈፉ ይታጠፋል፤ ምላጩም በየጊዜው ከመንኰራኵሩ እየሾለከ ይወጣል። በመጨረሻ በብረት ዋጋ ሸጡት። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት መኪናው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ መንኰራኵሮቹን በእጃችን እናዙር፤ ኩሽኔታው ቢንቋቋ ወይም መንኰራኵሩ ቢወላገድ እንተወው። በመንኰራኵሩ ላይ ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ቢሆን ሊለወጥ ይችላል፤ የክፈፍ ስንጥቅ ግን መድኃኒት የለውም። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውንም ጽሑፍ እናንብብ። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ቮልት 60 ዑደት ሞተር ቢሆን፣ ቮልቱን በትራንስፎርመር ማስተካከል ይቻላል፤ ዑደቱ ግን በአገራችን 50 ስለሆነ የተለመደው ዐይነት ሞተር ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል።

ከመኪናው ይልቅ የሚበልጠው ምላጩ ነው። የባንድ ሶን ሐሳብ ዊልያም ኒውቤሪ በእንግሊዝ አገር በ1808 አስመዝግቦት ነበር፤ ዳሩ ግን ምላጩ ከተጋጠመበት ላይ እየተበጠሰ ሥራ ላይ ሳይውል ቈየ። በ1846 አን ፖሊን ክሬፔን የተባለች ፈረንሳዊት የተሻለ የማጋጠሚያ ዘዴ ካስመዘገበች በኋላ ነው መንገዱ የተከፈተለት። ዛሬም ቢሆን ደነዝ ምላጭ የተገጠመበት ውድ መኪና ስለታም ምላጭ በተገጠመበት ርካሽ መኪና ይሸነፋል። ለቀስት ከ3 እስከ 4 ጥርስ በኢንች ያለው፣ ስፋቱ ግማሽ ኢንች የሆነ ምላጭ ይስማማል፤ የቀስት ጕብጠት ለስለስ ያለ ስለሆነ ቀጭን ምላጭ አያስፈልግም። ስስ ነገር ለመቈረጥ ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርስ እንጨቱ ውስጥ እንዲሆን 6 ጥርስ ያለው አንድ ምላጭ ይጨመር። መኪናውን ከመግዛታችንም በፊት የምላጩን ርዝመት ለክተን፣ በከተማችን የሚሸጥ ወይም የሚበየድ መሆኑን እናረጋግጥ። ምላጭ የማይገኝለት መጋዝ ጥይት እንደሌለው ጠመንጃ ነው።

ስለ ጣቶቻችንም ልናገር። የምላጩ መከለያ እስከ እንጨቱ አናት ዝቅ ይበል። በመኪናው ላይ ጓንት አይደረግ፤ ነጠላና ሻርፕ አይንጠልጠል። ክብ ግንድ መደገፊያ ሳይደረግለት አይቈረጥ፤ ምላጩ ያሽከረክረውና እጅን ይዞ ይገባል። ብቻውንም ማንም አይሥራ። የመኪናው ዋጋ ርካሽ ይሁን ብዬ ስለምን፣ የጣት ዋጋ ርካሽ ይሁን ማለቴ አይደለም።

ያለቀለት ቀስት ከውጭ እናስመጣ ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። የተገዛው ቀስት የተሰበረ ዕለት በእጃችን የሚቀረው ደረሰኙ ብቻ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት ጉሙዞች ቀስትን በገዛ እጃቸው ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ የእኛም እናቶች ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን የዚሁ የቀስት ዘመድ ነው። የምንጀምረው ከባዶ አይደለም።

ይህን ካልሁ ዘንድ በስብሰባው ላይ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝን ልናገር። አንድ ጓደኛችን «መኪናው ሲገዛ አንድ አናጢም እንቅጠርበት፤ እኛ ለውርወራው እንድረስ» አለ፤ ብዙዎችም አጨበጨቡ። ወንድሞቼና እኅቶቼ! ሰጋቱራ ልብሳችን ላይ እንዳያርፍ የምንፈራ ከሆነ ለምን ማኅበር አቋቋምን? ባለፈው ክረምት ያስተማረኝ አናጢ ስሙን ለመጻፍ ይቸግረዋል፤ ጣውላውን ግን ገና በእጁ ሲያነሣው ጭረቱ ወዴት እንደሚሄድ ይነግረኛል። አናጢ እንጥራ፤ ሊያስተምረን እንጂ ሊሠራልን አይሁን። ዋጋውንም እንደ መምህር እንክፈለው።

እንግዲህ ለመጪው ቅዳሜ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ካለን ገንዘብ ከመቶ ስድሳው ለመኪናው፣ አርባው ለምላጭ፣ ለእንጨት፣ ለሞረድና ለአስተማሪው ይሁን። ሁለተኛ፣ መኪናውን የሚመርጡ ሦስት አባሎች ከአንድ አናጢ ጋር ይላኩ። ሦስተኛ፣ ረጅሙን እንጨት የሚደግፈውን መቆሚያ ራሳችን እንሥራው፤ የመጀመሪያው ፈተናችን እርሱ ይሁን። አራተኛ፣ ማንም አባል አንድ ቀስት በእጁ ሳይጨርስ ዒላማ ፊት አይቁም።

አራተኛው ነጥብ ጠላት እንደሚያፈራልኝ ዐውቃለሁ። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሣ፤ ከዚያ በፊት ግን ሞረዱን ያንሣ።

ከአርት ፋኩልቲ አንድ ተማሪ