መጽሐፉን ከአንባቢው የሚጠብቅ ደንብ

በሀገራችን በአብዛኞቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚለጠፈው ደንብ «ክልክል ነው» በሚል ሐረግ የተሞላ ነው። ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የራስን መጽሐፍ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ መጽሐፍ ይዞ መውጣትማ ከሁሉም በላይ ክልክል ነው። አንባቢው ምን መብት እንዳለው፣ የፈለገውን መጽሐፍ ቢያጣ ለማን እንደሚያመለክት የሚናገር መስመር ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ደንቡ የተጻፈው መጽሐፉን ከአንባቢው ለመጠበቅ ነውና! እንዲህ ባለ ደንብ የሚተዳደር ቤት ደግሞ ግምጃ ቤት ሊባል ይገባዋል።

ይህ የጠባቂነት መንፈስ ከየት መጣ? የባሕር ዳር ሰው መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በጣና ደሴቶች፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል፣ የብራና መጻሕፍት ለዘመናት በዕቃ ቤት ተጠብቀው ኖረዋል። መነኮሳቱ ቁልፉን አጥብቀው መያዛቸው ተገቢ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ አንዴ ከጠፋ ምትክ የለውም። ነገር ግን ያው ሥርዓት ለቁልፉ ማካካሻ አበጅቶለት ነበር፤ ቁም ጽሕፈት የተማረ ጸሐፊ መጽሐፉን ቀድቶ ለሌላው ደብር ያደርሰዋል። የክብራን መጻሕፍትም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት በተባለ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ ካታሎጋቸው በ1973 በጀርመን ታትሟል። እኛ ከዚህ ሁሉ የወረስነው ቁልፉን ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠር ቅጂ የታተመውን ልብ ወለድና የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ እንደ ብራና ወንጌል ቆለፍንበት።

ሁለተኛው ምንጭ ወመዘክር ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አላዋሰም ተብሎ አይወቀስም። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተጣለበት ኃላፊነት የሀገሪቱን የጽሑፍ ቅርስ ሰብስቦ ለመጪው ትውልድ ማቆየት ነው፤ በሌላውም ዓለም የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ይኸው ነው። ስሕተቱ የከተማውና የወረዳው ቤተ መጻሕፍት የእርሱን ደንብ እንዳለ መገልበጡ ላይ ነው። የአንዱ ተግባር ማቆየት ነው፤ የሌላው ማዳረስ። ሁለቱ በአንድ ደንብ ሊተዳደሩ አይችሉም።

ሦስተኛው ምንጭ ብዙ የማይነገርለት የንብረት መዝገብ ነው። መጽሐፉ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ተቆጥሮ በሠራተኛው እጅ ይመዘገባል። ሲጠፋ ይጠየቅበታል፤ ሳይነበብ አሥር ዓመት አቧራ ቢጠጣ ግን የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ ያለ ሠራተኛ መጽሐፍ ባያውስ ይፈረድበታልን? ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

«ሕዝባችን የተዋሰውን አይመልስም፤ ገጽ ይገነጥላል» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይቀርባል። አዎን፣ ገጽ ይገነጠላል። ግን ልብ እንበል፤ በብዛት የሚገነጠለው ውሰት በማይፈቀድበት፣ የፎቶኮፒ አገልግሎትም በሌለበት የንባብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ገጹን ይዞ የሚወጣበት ሕጋዊ መንገድ ያጣ ሰው በምላጭ ይወስደዋል። ድርጊቱ ነውር ነው፤ ክልከላው ግን ነውሩን አላስቆመውም። ስለ መጥፋትም ካነሣን፣ ይህች ሀገር መጻሕፍቷን በጅምላ ያጣችው በተዋሰ አንባቢ እጅ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት የዘረፈው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ 350 ያህሉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ሌላው ዓለም ከዚህ አስተሳሰብ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። በእንግሊዝ ሀገር በሄርፎርድ ካቴድራል መጻሕፍት እስካሁን በሰንሰለት እንደታሰሩ ናቸው፤ ዛሬ ግን ሰው የሚሄደው የጥንቱን ሊጎበኝ ነው። የሕንዱ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 የቤተ መጻሕፍትን ሕግጋት ሲደነግግ የመጀመሪያው ያደረገው የመጽሐፍን በሥራ ላይ መዋል ነበር። በ1949 ወጥቶ በ1994 እና በ2022 የተሻሻለው የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫም አገልግሎቱ ለሁሉም በእኩልነት እንዲዳረስ ይጠይቃል።

ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ የሚመስለው ካለ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያስታውስ። በጠባብ ቤት ከወንድም ከእኅቱ ጋር ተጨናንቆ የሚኖር ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት የሚፈልገው አንዳንዴ ወንበርና መብራት ብቻ ነው። እርሱን የገዛ መማሪያ መጽሐፉን ስለያዘ ከበር መመለስ ምን ይባላል? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው ማጽናኛ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ አይተናል። በዚያን ጊዜ ለተማሪው የቀረው የታተመ መጽሐፍ ነበር፤ እርሱም ተቆልፎበታል።

«ገንዘብ የለም» የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ለተመረቀው ለአዲስ አበባው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 1.1 ቢሊዮን ብር ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ለየከተማው አልጠየቅንም። የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የሌለበትን ነው፤ አንደኛ፣ ከአንድ ቅጂ በላይ ያለው መጽሐፍ በመያዣ ገንዘብ ወይም በዋስ ይዋስ፤ ሁለተኛ፣ ተማሪ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ይግባ፣ በመውጫው ይፈተሽ፤ ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ሠራተኛና ተማሪ ነፃ የሚሆንበትን ምሽትና እሑድን ይጨምር፤ አራተኛ፣ በውሰት የሚጠፋው መጽሐፍ በተወሰነ መጠን እንደ መደበኛ ወጪ ይያዝ፣ ከሠራተኛው ትከሻም ይውረድ።

በየዓመቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ስንት መጽሐፍ እንዳላቸው ሪፖርት ያቀርባሉ። ከእንግዲህ የሚጠየቁት ስንቱ እንደ ተነበበ ይሁን። ያን ጊዜ በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ ራሱ መለወጥ ይጀምራል።