ለትንሿ ካቢን ትልቁ ኤሲ?

ነሐሴ ላይ ዱባይ ማሪና ውስጥ በታሰረች የሸራ ጀልባ ያደረ ሰው ወበቅ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ፈቀቅ አይልም፤ የባሕረ ሰላጤው ውሃ ራሱ ከ32 ዲግሪ በላይ ግሎ ያድራል። ላብ ይፈሳል እንጂ አይደርቅም፣ አንሶላው ገላ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈ የጀልባ ባለቤት በማግስቱ ኤሲ ሊገዛ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው አንድ ነገር፣ የማሽኑን የማቀዝቀዝ አቅም ነው፦ «ባለ ስንት ቢቲዩ አለህ?» ሻጩም፣ ጎረቤቱም፣ ገጣሚው ሠራተኛም የሚመልሱለት አንድ ነው፦ «ትልቁን ውሰድ፣ አትቆጭም።»

ይቆጫል። ይህ ምክር በሙቀት አገር ባሉ ወደቦች ሁሉ እንደ እውነት ተይዟል፤ ግን ስህተት ነው፣ ሰውንም ይጎዳል። ከአቅሟ በላይ የሆነ ማሽን በተገጠመባት፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ በምትረዝም ጀልባ ውስጥ አድሬ አውቃለሁ። ብርድ ነበር፤ ግን የዋሻ ብርድ። ትራሱ ረጥቧል፣ ግድግዳው ጤዛ ይዟል፣ ፍራሹን ገልበጥ ሳደርገው ሥሩ ሻግቷል። ባለቤቱ ማሽኑ አልበቃ ብሎት መስሎት ሌላ ሊጨምር ያስብ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ዛሬ ኤሲ የምንለውን ነገር የነደፈው ለብሩክሊን ማተሚያ ቤት ነበር። ችግሩ የሰው ሙቀት አልነበረም። ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ሲለጠጥና ሲኮማተር ቀለሞቹ ቦታቸውን ይስቱ ነበር። ኤሲ ሲወለድ ሥራው አየርን ማድረቅ ነበር ማለት ነው። እርጥበቱ የሚወጣው ደግሞ አየሩ በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ደጋግሞ ሲያልፍ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ወደ ውጭ ሲፈስ ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ትልቅ ማሽን በትንሽ ካቢን ውስጥ ሲነሳ በደቂቃዎች ውስጥ የተጠየቀውን ዲግሪ ያደርስና ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል፤ ቱቦው ላይ የቀረው ውሃ ተመልሶ ይተናል፣ ተኝቶ ያለው ሰውም ይተነፍሰዋል። ትንሹ ማሽን ግን ሳያቋርጥ እየሠራ ያደርቃል።

የባሕር ኤሲ ገጣሚዎች የሚያውቁት የቆየ ስሌት አለ፦ ከጀልባዋ የላይኛው ወለል በታች ላለ መኝታ ለአንድ ስኩዌር ጫማ 60 ቢቲዩ ገደማ፣ መስታወትና ፀሐይ ለበዛበት የላይኛው ክፍል እጥፉ። በዚህ ስሌት 100 ስኩዌር ጫማ ለሆነ ካቢን 6,000 ይበቃል። ታዲያ «ትልቁ» የተባለው ባለ 16,000 ምን ይሠራል?

«የዱባይ ፀሐይ ከስሌት በላይ ነው» ይሉኛል። የፀሐይዋስ ነገር እውነት ነው። እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ኪሎዋት ያህል ታወርዳለች፤ አሥር ካሬ ሜትር የሆነ የጀልባ አናት አሥር ኪሎዋት ይቀበላል። ሁሉም ወደ ውስጥ ባይገባም፣ 12,000 ቢቲዩ የሚባለው ማሽን ማውጣት የሚችለው 3.5 ኪሎዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፀሐይ ጋር በማሽን መጋፋት የሞኝ ትግል ነው፤ ፀሐይን በጥላ ነው የሚገቷት። እኛ ለሠርግና ለለቅሶ ዳስ የምንጥል ሰዎች ይህን ለማመን አንቸገርም። ከአናቱ ከፍ ብሎ የተወጠረ ነጭ ሸራ፣ በሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት፣ ከማንኛውም ማሽን በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም።

ነፋሱም ተረስቷል። በዱባይ አል ፋሂዲ ሰፈር ባርጂል የሚባሉት የነፋስ ማማዎች ዛሬም ቆመዋል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጦር መርከቦችም ከሸራ የተሰፋ ረጅም እጅጌ ወደ ታችኛው ክፍል እያወረዱ አየር ያስገቡ ነበር። መልህቅ የጣለች ጀልባ ራሷ ዞራ ፊቷን ለነፋስ ትሰጣለች፤ የፊተኛው የጣሪያ መስኮት ላይ ትንሽ የሸራ የነፋስ መቀበያ ብትሰቀል ንፋሱ እስከ ኋላ ይዘልቃል። ማሪና ውስጥ የታሰረች ጀልባ ግን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አትመርጥም። በነሐሴ ወበቅ፣ ማሪና ውስጥ፣ ኤሲ ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም። የምቃወመው ጥላውና ነፋሱ ሳይሞከሩ፣ ክፍሉ ሳይለካ፣ ትልቁ ቁጥር መልስ ተብሎ መወሰዱን ነው። ውሃ እየረጨ የሚያቀዘቅዘውን ቬንትሌተርም ለባሕር ዳርቻ የሚሸጡ አሉ። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው ከላዩ ስለሚተን ነው፤ በአፋር በረሃ ደረቅ አየር ይህ ይሠራል። ውሃ በጠገበ የወደብ አየር ግን ወበቁን ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

ወደ መብራቱ እንምጣ፤ የትልቁ ማሽን ዕዳ እዚህ ነው የሚከፈለው። 200 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በጠቅላላው 2,400 ዋት-ሰዓት ነው፤ ተራ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። 700 ዋት የሚበላ ማሽን በዚያ ሁለት ሰዓት እንኳ አይዘልቅም። 6 ዋት የምትበላ ትንሽ ቬንትሌተር ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ብትዞር የምትፈጀው 48 ዋት-ሰዓት ነው፤ ያንን ማሽኑ በአራት ደቂቃ ይውጠዋል። ከወደብ የመብራት ገመድ የራቀ ሰው ስለዚህ ወደ ጄኔሬተር ይሄዳል። ቤንዚን የሚጠጣ፣ በእጅ የሚነሳ፣ ከኋላ ወለሉ ላይ የሚቀመጥ ርካሽ ጄኔሬተር።

እዚህ ላይ ነገሩ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ኤሲ እንዲሠራ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። አንድ ቱቦ ብቻ ያለው ተንቀሳቃሽ ኤሲ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የካቢኑን አየር ወደ ውጭ እየገፋ ሲያወጣ በምትኩ የውጭ አየር በየስንጥቁ ይሳባል። ከኋላ በኩል የሚሳበው የጄኔሬተሩ ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። በዚህ መንገድ የሞቱ ቤተሰቦች አሉ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጀልባ ላይ በምግብ ሥራ፣ በጽዳትና በጥበቃ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። የማሽኑን መጠን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ ታች የምትተኙት ግን እናንተ ናችሁ። ቤንዚን ጄኔሬተር ከላይ ተነስቶ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሳይኖር ካቢን ውስጥ አትተኙ። ላብ ቢያጠምቃችሁም ፍራሹን አውጥታችሁ ከጭሱ ርቃችሁ፣ ነፋሱ ወደ ጄኔሬተሩ ከሚመጣበት ወገን፣ ላይ ተኙ።