የገና ልብ ወለድና የባሕሩ እውነት

በእንግሊዝ አገር የልደት በዓል ሲቃረብ መጻሕፍት ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው በመስኮታቸው የሚደረድሩት አንድ ዐይነት ልብ ወለድ አለ። ታሪኩ ከመጽሐፍ መጽሐፍ እምብዛም አይለያይም፤ ልቧ የተሰበረ ወይም ሥራዋን ያጣች ሴት ከለንደን ወጥታ በኮርንዎል ባሕር ዳር ወዳለች ትንሽ መንደር ትሄዳለች፤ ሊዘጋ የደረሰ ዳቦ ቤት ትረከባለች፤ ከአንድ ዝምተኛ ዓሣ አጥማጅ ጋራ መጀመሪያ ትጣላለች፣ ኋላም ትታረቃለች፤ በገና ዋዜማም ፍቅራቸው ይሰምራል።

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ያደገ የእኛ አንባቢ፣ የፍቅርን ፍጻሜ በዕንባ ማየት ስለለመደ፣ እንዲህ ያለውን ድርሰት ከቁም ነገር ባይቆጥረው አይፈረድበትም፤ የእንግሊዝም ሐያስያን ቢሆኑ ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ነው እያሉ ይንቁታል። ይህን ነቀፋ ግን እኔ አልቀበለውም፤ የልደትን ብሥራት በየዓመቱ በሐሴት የምንሰማው ፍጻሜውን ሳናውቅ ቀርተን አይደለምና። ቻርልስ ዲክንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 19 ቀን 1843 ያሳተመው የገና ታሪክ፣ በመጀመሪያ የታተመው 6,000 ቅጂ እስከ በዓሉ ዋዜማ ተሸጦ ያለቀው፣ መጨረሻው ደስታ ሆኖ ሳለ ነው። ነገር ግን ስክሩጅ የተባለው ስስታም ወደዚያ ደስታ የደረሰው የገዛ መቃብሩን አይቶ፣ ደንግጦና ንስሓ ገብቶ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የዛሬዎቹ ድርሰቶች ጉድለት በዚህ ላይ ነው። በእነርሱ ዘንድ ባሕሩ ለዐይን ማረፊያ የተሳለ ሥዕል እንጂ ሰው የሚበላ ጥልቅ አይደለም፤ መንደሩም ሁልጊዜ በጎረቤት የተሞላ ነው፤ በእውነተኛው ኮርንዎል ግን በአንዳንድ የባሕር ዳር መንደሮች ብዙ ቤት የከተማ ባለጸጎች የበጋ ማረፊያ በመሆኑ በክረምት ተዘግቶ ይከርማል።

በዚያው አገር ምዕራባዊ ጫፍ፣ ወደቧን በገና መብራት በማስጌጥ የታወቀች ማውዝል የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። በዲሴምበር 19 ቀን 1981 ምሽት፣ ዩኒየን ስታር የተባለች የጭነት መርከብ ሞተሯ ጠፍቶባት ዐውሎ ነፋሱ ወደ ዐለቱ ሲገፋት፣ በውስጧም አዛዡ በዓሉን አብረውት እንዲያከብሩ ያሳፈራቸው ሚስቱና 2 ልጆቿ ሳሉ፣ ሶሎሞን ብራውን የተባለችው የነፍስ አድን ጀልባ 8 የመንደሩን ፈቃደኞች ይዛ ወጣች። የጀልባዋ አዛዥ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አልወስድም ብሎ፣ አባቱ የተሳፈረበትን አንድ ወጣት ከባሕሩ ዳር አስቀረው። ጀልበኞቹ 4 ሰዎች ማትረፋቸውን በሬዲዮ ካስታወቁ በኋላ ድምፃቸው ተቋረጠ፤ በመርከቧና በጀልባዋ የነበሩት 16 ነፍሳት በሙሉ አለቁ።

ከሞቱት ጀልበኞች አንዱ የመንደሩ መጠጥ ቤት ባለቤት ሲሆን፣ ከሁለት ቀን በፊት የገናውን መብራት ያበራው እርሱ ነበረ። ከአደጋው በኋላ መብራቱ ጠፍቶ ቢቀር፣ በሦስተኛው ቀን ተጠግኖ እንደገና ይብራ ብላ የጠየቀችው ባል የሞተባት ሚስቱ ናት። ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ዕለት ምሽት መብራቱ ለአንድ ሰዓት ይደበዝዛል፤ ከዚያም ተመልሶ ይበራል።

ያች ሴት ያደረገችውን የሚያህል የገና ታሪክ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ኀዘንን ሳይሸሽ የመጣ ፍሥሐ አንባቢን ያጽናናል፤ ኀዘንን ደብቆ የመጣው ግን መጽሐፉ ሲዘጋ አብሮ ያልቃል። ደራስያኑ ደስተኛውን ፍጻሜ ይተዉት ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ብቸኛ ሰው የክረምቱን ረጅም ሌሊት የሚያሳልፈው በእርሱ ነውና። ነገር ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው፣ ባለታሪኮቹ ወደ ደስታቸው የደረሱበትን መንገድ ገልጦ ይመርምር፤ ባሕር ዳር ባለ መንደር የሰጠመ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ የማይታወስበት ድርሰት ከሆነ፣ ገንዘቡን ለሌላ ያቆየው።