ብርድ የሌላ አገር ጉዳይ አይደለም

በምድር ወገብ አቅራቢያ የሚገኝ አገር ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን፣ ብርድ ስለሚያስከትለው የሞት አደጋ ሲነሣ ሐሳባችን ፈጥኖ የሚያመራው ወደ አላስካ ወይም ወደ ሳይቤሪያ ነው። ይህ አመለካከት ግን ከመልክዓ ምድራችን ጋር አይጣጣምም። ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአዱሊስ ገልብጦ ያቆየልን የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ፣ የሰሜን ተራሮች ሰውን እስከ ጉልበቱ በሚያሰጥም በረዶ የተሸፈኑ እንደ ነበሩ ያወሳል። ታዲያ ቀደምቶቻችን በድንጋይ ያስቀረጹትን ነገር እኛ ስለምን ዘነጋነው?

የዘነጋነው መሆኑን የተረዳነው በ2011 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ነው። ስምንት ሆነን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የበርካታ ቀናት የእግር ጉዞ እናደርግ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ 3,620 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጨነቅ ሰፈር ተነሥተን፣ 4,200 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው የቧሂት ማለፊያ አቀናን። ሐሳባችን ማለፊያውን ተሻግረን ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ መውረድ ነበር። አብዛኞቻችን የለበስነው ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ሹራብና ጋቢ ነው። ረፋዱ ላይ ደመናው ዝቅ ብሎ ጅብራዎቹን ጋረዳቸው። ዝናቡ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ በረዶ ተለወጠ። ማለፊያው ላይ ስንደርስ መንገዱ ነጥቶ ነበር፤ ጫማችንም ውኃ ሞልቶ ነበር።

ከሁላችንም ፈርጣማ የነበረው ጓደኛችን ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። በመጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀጥሎ እግሩ ይሰናከል፣ ንግግሩም ይኮላተፍ ጀመር፤ የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት እንኳ ተሳነው። እኛ ግን ሳቅንበት። በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ትንሽ ልተኛ» አለ። መንቀጥቀጡ ቆሞ ስለ ነበር የተሻለው መስሎን ነበር። ያዳኑት በቅሎ ነጂው አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ ይህ ልጅ አሁን ከተኛ አይነሣም» ብለው ነፋስ ወደማያገኘው የቋጥኝ ጥግ ወሰዱት፤ እርጥቡን ልብስ አስወልቀው በራሳቸው ደበሎ ጠቀለሉት። ሁለታችን ከግራና ከቀኝ አቅፈነው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። አእምሮው ሲመለስና በደንብ መዋጥ ሲችል ከፔርሙዙ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣነው።

የሆነው ነገር በሳይንስ ቋንቋ ሃይፖተርሚያ ይባላል፤ ይኸውም የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ነው። ለዚህ የሳይቤሪያ ክረምት አያስፈልግም። የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የቧሂት ማለፊያ በ2,200 ሜትር ገደማ ከሚገኘው ከጎንደር ከተማ በ13 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ነፋስና እርጥበት ሲጨመሩ ጉዳቱ ይበረታል። ደረቅ ጋቢ የሚያሞቀን በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሲርስ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ይወስደዋል፤ ውኃ ደግሞ ከቆመ አየር ይልቅ ሙቀትን ከ20 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። በዚህ ላይ በጋቢው ውስጥ ያለው አንድ ሊትር ውኃ እንዲተን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልገዋል። ከዚህ ውስጥ ከአካላችን የሚወሰደው ከፊሉ ብቻ ቢሆንም፣ ለደከመና ምግብ ላልበላ ተጓዥ ከባድ ዕዳ ነው። የበግ ጠጉር ግን በእርጥበትም ውስጥ ሙቀት የመያዝ ችሎታውን በአብዛኛው አያጣም። የደጋ እረኞች ደበሎንና ባናን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህን ስንል ግን የቆየ ልማድ ሁሉ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። እኒሁ ባለውለታችን ለጓደኛችን ሊያቀምሱት መጀመሪያ ያወጡት አረቄ ነበር፤ ከመካከላችን አንዲቱ በአክብሮት ከለከለቻቸው። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ በተግባር ግን የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል። ደበሎው አዳኝ፣ አረቄው ጎጂ መሆኑን የምንለየው የአባቶችን ልማድ በጅምላ በመቀበል ወይም በጅምላ በመናቅ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን በመመርመር ነው። ለነገሩማ እኛም ስለ ሙቀት ዝውውር ተምረን፣ ፈተናውንም አልፈን ነበር። ዕውቀቱ ከደብተሩ ወጥቶ እስከ ጋቢያችን አልደረሰም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። ወደ ደጋ ለጥናትም ሆነ ለጉብኝት የሚወጣ የተማሪዎች ቡድን፣ የእያንዳንዱ ተጓዥ ልብስ ሳይታይ አይነሣ። የመሰናከል፣ የመኮላተፍና የእጅ መተሳሰር ምልክቶችን ሁሉም ይወቃቸው፤ ምልክቱ የታየበትም ሰው ብቻውን አይተው። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ አደጋው መባሱን ይረዱ። የቡድኑም መሪ ደመናው ሲከብድ ወደ ኋላ መመለስን እንደ ነውር አይቁጠረው።

«ለተራራ የሚሆን ልብስ ውድ ነው፤ ተማሪ ከየት ያመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰፊ ላስቲክ፣ አንድ የሱፍ ሹራብና በፌስታል ተቋጥሮ የተቀመጠ ደረቅ ቅያሪ ልብስ ከብዙዎቻችን አቅም በላይ አይደሉም። በዚያ ቀን ከስምንታችን መካከል ሦስቱን አሟልቶ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም።

ጓደኛችን ዛሬ ጤነኛ ነው። ስናገኘው ግን በዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሳቅንበትን እናስታውሳለን፤ እርሱ ግን አያስታውሰውም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ተማሪዎች፣ ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ በተራራ ላይ «ትንሽ ልተኛ» ሲል ብትሰሙ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ልብሱን ዳስሱ እንላለን።