ሰንሰለቱን ማን አየው?

ባለፈው ሳምንት የካ አባዶ፣ ከምኖርበት ብሎክ ጀርባ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ይቆረጥ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ይቆረጥ፣ ኋላ ንፋስ ገፍቶ ሰው ላይ ይጥለዋል ተብሎ ነው። ኮሚቴው በዋጋ ተከራክሮ ተስማማ። አንድ ወጣት በቀን የተከራየውን የሞተር መጋዝ ተሸክሞ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ መጣ።

ከበረንዳዬ ሆኜ ሳይ ከግንዱ የሚወጣው ስንጥር ሳይሆን እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰጋቱራ ነበር። እንጨቱ ይጨሳል፣ ልጁ በሙሉ ክብደቱ ይጫናል። ድንገት መጋዙ ወደ ፊቱ ዘለለ። ለጥቂት ተረፈ። እኛም "ተመስገን" ብለን ወደየቤታችን ገባን።

ተመስገን ማለት ደግ ነው፤ ጥንቃቄን ግን አይተካም።

ብዙዎቻችን የተሳለ መጋዝ አደገኛ፣ የደነዘ ደግሞ የዋህ ይመስለናል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የተሳለ ሰንሰለት ራሱ እየሳበ ይገባል፤ የደነዘውን ግን ሰው ይገፋዋል። የሚገፋ ሰው ይደክማል፣ ሚዛኑን ይስታል። የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ ደግሞ መሣሪያው ዓይን ሳይርገበገብ ወደ ሰውየው ይመለሳል።

ይህን ለመቀነስ የሚያስፈልገው ፍተሻ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ሰንሰለቱ ይሳባል፦ በእጅ ሲጎተት ይዞራል፣ ግን አይረግብም፣ ከቦዩም አይወጣም። ጥርሶቹ በልኩ በሆነ ክብ ሞረድ፣ ሁሉም እኩል ሆነው ይሳላሉ። የተሰነጠቀ ወይም ምልክቱ ድረስ ያለቀ ሰንሰለት ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ፍሬኑ ሰንሰለቱን ወዲያው ማስቆም አለበት። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅም ሰንሰለቱ መቆም አለበት። ዘይቱ መድረሱም ይታያል፤ የደረቀ ሰንሰለት ይግላል፣ ይላላል፣ ይበጠሳል።

ታዲያ ይህን ማን ያድርግ? አከራዩ "የተከራየው ይሳል" ይላል። ተከራዩ ሞረድ ከገዛ ከቀን ገቢው ይቀነሳል። እኛ አሠሪዎቹ ደግሞ "ባለሙያ ነው፣ ያውቃል" ብለን እጃችንን እንታጠባለን።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይኸው አዋጅ ግን ዋጋ ተቀብሎ በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። በቁርጥ ዋጋ ዛፍ ሊቆርጥ የመጣው ልጅ እዚህ ክፍተት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። አደጋ ቢደርስበት ማን ይጠየቃል? ምናልባት ማንም።

እኔ የምለው፦ ሕጉ እስኪደርስ ጠብቀን አንቀመጥ። የሚያከራይ ሰው መጋዙን የሚሰጠው በተሳለ ሰንሰለትና በሚሠራ ፍሬን ይሁን፤ ወጪው በኪራዩ ላይ ይታሰብ። የጋራ መኖሪያ ቤት ኮሚቴም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ "ወንድሜ፣ ሰንሰለቱን እንየው።" ሄልሜት፣ መነጽርና ቦት ጫማ ከሌለው ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ።

በዋጋ ስንከራከር ግማሽ ሰዓት እንቆያለን። ለሰው ፊትና እጅ አምስት ደቂቃ አናጣም።

በእናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው? ጻፉልኝ።